ስለ አሥራ ዘጠኙ ፊደልና ስለ የኔነህ ማሰሮዎች

የፎገራ ጃንጥላ እንጉዳይ አልሚዎች ማኅበር
የሥራ አመራር ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ ህዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ወረታ፣ በወ/ሮ አምሳል ግቢ፣ ከእንጉዳይ ቤቱ ደጃፍ፣ ዋንዛው ሥር
ሰዓት፦ ለጠዋቱ 3፡00 ተጠርቶ 4፡25 ላይ ተጀመረ

የተገኙ፦
1. አቶ በላቸው፣ ሰብሳቢ፤ ከቀበሌ ጸሐፊነት በጡረታ የተገለሉ
2. አቶ የሻው፣ አባል፤ የሩዝ ገበሬ፤ በነሐሴው ሕመም ከታመሙት አንዱ
3. ወ/ሮ እናትነሽ፣ አባል፤ ሸክላ ሠሪ፤ እንጉዳያቸውን በገንቦ የሚያለሙ
4. መሪጌታ በላይነህ፣ አባል፤ የድጓ መምህር፤ ለጋብቻ ዘር በመቁጠር የሚታወቁ
5. መምህርት ሔለን፣ አባል፤ የባዮሎጂ መምህርት፤ ከአዲስ አበባ ተዛውረው ከመጡ ሁለተኛ ዓመታቸው
6. ወ/ሮ አምሳል፣ አባል፤ የግቢው ባለቤት

ያልተገኘ፦
7. የኔነህ ደሳለው፣ የማኅበሩ መሥራችና ጸሐፊ፤ የወ/ሮ አምሳል የበኩር ልጅ፤ መስከረም 19 ቀን በወባ ያረፈ

ቃለ ጉባኤ ያዥ (ድምፅ የሌለው)፦ ይልቃል ደሳለው፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ፤ የሟች አባል ታናሽ ወንድም፤ የመዝገቡ ሣጥን ቁልፍ በእርሱ እጅ ስለተገኘ የተመደበ

ምልዓተ ጉባኤ

ሰብሳቢው የሰባት አባላት ሁለት ሦስተኛ ሲሰላ አራት ሰውና የአንድ ሰው ሁለት ሦስተኛ እንደሚሆን፣ ይህ ሁለት ሦስተኛ የትኛው የሰውነት ክፍል እንደሆነ በደንቡ ስላልተገለጸ አምስት ሰው እንደሚያስፈልግ አስረዱ። ሲቆጠር አምስት ሰው ተገኘ። እንደገና ሲቆጠር ስድስት ተገኘ። ወ/ሮ እናትነሽ ልዩነቱ የመጣው ሰብሳቢው በመጀመሪያው ቆጠራ ራሳቸውን ስለረሱ መሆኑ እንዲመዘገብ ጠየቁ። ተመዝግቧል።

የስብሰባው መነሻ

በነሐሴ ወር አቶ የሻው ሩዛቸውን ለማሳረም ደቦ ጠርተው ለሠራተኛው የእንጉዳይ ወጥ አቅርበው ነበር። ዘጠኝ ሰው፣ አቶ የሻውን ጨምሮ፣ ሲያስመልሰው ዋለ። ሁሉም በማግሥቱ ተሽሏቸዋል። ኮሚቴው ነሐሴ 25 ቀን ተሰብስቦ፣ የሕመሙ ምክንያት የኔነህ ከሜዳ አምጥቶ በሩዝ ገለባ ላይ ያላመደውና ለአባላት ያከፋፈለው ጃንጥላ እንጉዳይ ነው ሲል ወሰነ። በሦስት ማሰሮ ያስቀመጠው የእንጉዳይ ዘርም እንዲቃጠል አዘዘ።

የኔነህ በዚያ ስብሰባ ላይ ያሳመመው የእርሱ እንጉዳይ ሳይሆን፣ በአቶ የሻው የገለባ ክምር ላይ በራሱ የበቀለ፣ መልኩ ቁርጥ እርሱን የሚመስል ሌላ ዝርያ መሆኑን ተናግሯል። ከሁለቱም፣ ለማመሳከሪያም ከወ/ሮ እናትነሽ ገንቦ ናሙና ወስዶ ወደ ላቦራቶሪ መላኩንም አሳውቋል። ኮሚቴውም ማስረጃው እስኪመጣ ታግሦ፣ ካልመጣ ግን ዘሩ ህዳር 12 ቀን ሰው ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ በሚያቃጥልበት ዕለት አብሮ እንዲቃጠል ቀን ቆረጠ።

ደብዳቤው ባለፈው ሐሙስ መጥቷል። ህዳር 12 የፊታችን ሐሙስ ነው።

አጀንዳ፦
1. የላቦራቶሪውን ደብዳቤ ስለመቀበል
2. ሁለት እንጉዳዮች ስንት ፊደል ሲለያዩ ሁለት ዝርያ እንደሚባሉ ስለመወሰን
3. ስለ ሦስቱ ማሰሮ ዘር
4. ልዩ ልዩ

አጀንዳ 1

ደብዳቤው "ለአቶ የኔነህ ደሳለው" የሚል አድራሻ ስላለበት፣ ሰብሳቢው ባለቤቱ በሌለበት ሊከፈት እንደማይገባ ገለጹ። በሠላሳ ስድስት ዓመት የጽሕፈት ሥራቸው የሰው ፖስታ ከፍተው እንደማያውቁም አስረዱ። አቶ የሻው ሐሳቡን ደገፉ። ወ/ሮ እናትነሽ በበኩላቸው፣ "አያ በላቸው፣ ባለቤቱን የምንጠብቅ ከሆነ ስብሰባው ሊረዝም ነው" አሉ። ውይይቱ በመካሄድ ላይ እንዳለ ወ/ሮ አምሳል ተነሥተው ፖስታውን በማጭድ ጫፍ ከፈቱትና ለመምህርት ሔለን ሰጧቸው። ሰብሳቢው ጥያቄው በስምምነት እንደታለፈ ቆጠሩት።

(ቃለ ጉባኤ ያዡ ከላይ በመነሻው ላይ ሁለት ቦታ "ወንድሜ" ብሎ ጽፎት የነበረው በሰብሳቢው ትእዛዝ "የኔነህ" ተብሎ ታርሟል።)

መምህርት ሔለን ደብዳቤውን ካነበቡ በኋላ በቀላል አማርኛ እንዲያስረዱ ተጠየቁ። እንዳስረዱትም፣ በእያንዳንዱ ሕያው ነገር ሕዋስ ውስጥ ሪቦዞም የሚባል ፕሮቲን የሚሠራ ክፍል አለ። የዚህ ክፍል አሠራር በዲኤንኤው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። የአሠራሩ ጽሑፍ ከተበላሸ ሕይወት ስለማይኖር ከትውልድ ወደ ትውልድ እምብዛም አይለወጥም። በአንዱና በሌላው የአሠራር ጽሑፍ መካከል ግን እንደዚያ የማይጠበቅ ክፍተት አለ፤ እርሱ ቶሎ ቶሎ ይለወጣል። መልካቸው ተመሳስሎ ሰውን የሚያሳስቱ የቅርብ ዘመድ እንጉዳዮችን ለመለየት ላቦራቶሪው ያነበበው ይህን ክፍተት ነው።

አቶ የሻው፣ ሥራ ያለው ጽሑፍ እያለ ክፍተቱን ማንበብ ምን ይባላል ሲሉ ጠየቁ። መሪጌታ በላይነህ መልስ ለመስጠት ዕድል ጠይቀው የሚከተለውን ተናገሩ፦ "ጣራ ገዳም ሁለት ድጓ አይቻለሁ። ዜማው አንድ ነው፤ ገልባጩ ዜማውን ቢያበላሽ መምህሩ ይቆጣዋልና ይጠነቀቃል። ኅዳጉ ላይ የሚጭረውን ግን ማንም አይጠይቀውም። እዚያ እንደ ልቡ ነው። እንግዲህ ሁለት መጻሕፍት ከአንድ እናት መጽሐፍ መገልበጣቸውን የምናውቀው በኅዳጉ ነው እንጂ በዜማው አይደለም።" መምህርት ሔለን ይህን ትምህርት ስድስት ዓመት ሲያስተምሩ እንዲህ አድርገው አስረድተው እንደማያውቁ ገልጸው፣ ከሰኞ ጀምሮ በክፍል ሊጠቀሙበት ፈቃድ ጠየቁ። መሪጌታ ፈቀዱ።

ቀጥሎ ሰብሳቢው ጽሑፉ በስንት ፊደል እንደተጻፈ ጠየቁ። አራት መሆኑ፣ እነዚህም ኤ፣ ሲ፣ ጂ እና ቲ እንደሚባሉ ሲነገራቸው ስብሰባው ለጥቂት ደቂቃ ሥርዓት አጣ። መሪጌታ አንድ ሕፃን እንኳ ከሁለት መቶ በላይ ቆጥሮ በሚያነብበት አገር እንጉዳይን በአራት ፊደል ማንበብ ማሳነስ እንደሆነ አመለከቱ። አቶ የሻው በዚህ ነጥብ ከመሪጌታ ጋር በሙሉ ልብ እንደሚስማሙ፣ በማኅበሩ ታሪክም ሁለቱ ሲስማሙ የመጀመሪያው ጊዜ መሆኑን ገለጹ። መምህርት ሔለን የሁላችንም ሰውነት በእነዚሁ በአራቱ እንደተጻፈ ቢናገሩም የሚያምን አልተገኘም።

ከረጅም ውይይት በኋላ፦
ውሳኔ 1(ሀ)። ደብዳቤው ተቀባይነት እንዲያገኝ፤
ውሳኔ 1(ለ)። የፎገራ እንጉዳዮች ከ"ሀ" እስከ "ፐ" ባለው ሙሉ ፊደል እንደገና እንዲነበቡ ለላቦራቶሪው እንዲጻፍ ተወስኗል።

አጀንዳ 2

የደብዳቤው ውጤት እንዲህ ተነበበ። ናሙና አንድ ከየኔነህ ማሰሮ የተወሰደ ነው። ናሙና ሁለት ከአቶ የሻው የገለባ ክምር ላይ የተነቀለ ነው። ናሙና ሦስት ከወ/ሮ እናትነሽ ገንቦ የተወሰደ ነው። ከእያንዳንዳቸው ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ፊደል ተነብቧል። አንድና ሦስት በአንድ ፊደል ብቻ ይለያያሉ። አንድና ሁለት ግን በአሥራ ዘጠኝ ፊደል ይለያያሉ።

አቶ የሻው ንግግራቸው ቃል በቃል እንዲያዝላቸው ጠይቀው፣ "ከስድስት መቶ አሥራ ሁለቱ አምስት መቶ ዘጠና ሦስቱ አንድ ነው ማለት ነው። እኔና ታላቅ ወንድሜ በዚህ ያህል ነገር ተስማምተን አናውቅም፤ ግን የአንድ እናት ልጆች ነን" አሉ። ስለዚህ ሁለት ዝርያ ለመባል ቢያንስ ሃያ ፊደል መለያየት እንዳለበት ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ እናትነሽ ቁጥሩ ከአሥራ ዘጠኝ በአንድ ብቻ የበለጠው በአጋጣሚ እንደሆነ አቶ የሻውን ጠየቋቸው። አቶ የሻው በአጋጣሚ መሆኑን አረጋገጡ።

መሪጌታ አዲስ ቁጥር መፍጠር እንደማያስፈልግ ተናገሩ። ሰው ለመጋባት ሰባት ቤት እንደሚቆጥር ሁሉ ለእንጉዳይም አንዱን ፊደል እንደ አንድ ቤት ቆጥሮ፣ እስከ ሰባት ያለውን ዘመድ፣ ከሰባት በላይ ያለውን ባዳ ማለት ይበቃል አሉ። በዚህ ስሌት ናሙና አንድና ናሙና ሁለት አሥራ ዘጠኝ ቤት ስለሚራራቁ ቢጋቡ ነውር እንደሌለበት አስታወቁ። መምህርት ሔለን በዝርያ ረገድ ነገሩ በተቃራኒው መሆኑን፣ ተጋብተው መውለድ የሚችሉት አንድ ዝርያ የሚባሉት እንደሆኑ፣ የተራራቁት ግን ጭራሽ መጋባት እንደማይችሉ አስረዱ። መሪጌታ ነገሩን ጥቂት አሰላስለው ለእንጉዳዮቹ ማዘናቸውን ገለጹ። ቁጥሩ ግን ሰባት ሆኖ እንዲቆይ ጠየቁ።

ወ/ሮ እናትነሽ ቁጥሩ አንድ እንዲሆን ጠየቁ። ምክንያታቸውም የእርሳቸው እንጉዳይ ከየኔነህ በአንድ ፊደል ስለሚለይ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ "የገንቦ" ተብሎ እንዲጠራ ነው። አቶ የሻው ዘሩን የሰጣቸው ማን እንደነበር ሲጠይቋቸው፣ "ዘሩን እርሱ ሰጠኝ። ፊደሉን ግን የጨመርኩት እኔ ነኝ" ብለዋል።

ክርክሩ ስለ መልክ በተነሣ ጊዜ አቶ የሻው ዛሬ ጠዋት በቦዩ ዳር ካለው ክምራቸው ላይ የነቀሉትን አንድ እንጉዳይ ከፌስታል አወጡ። ቃለ ጉባኤ ያዡም ከማሰሮው አንድ ይዞ እንዲመጣ ታዘዘ። ኮሚቴው ሁለቱን ጎን ለጎን አይቶ፣ ነክቶና አሽትቶ መለየት እንዳልቻለ በአንድ ድምፅ አመነ። በዚህ ጊዜ ከጣና በኩል ነፋስ ተነሥቶ ወረቀቱን ስላስቸገረ፣ ሰብሳቢው የሁለቱንም እግር በምላጭ ቆርጠው ቆባቸውን በወረቀቱ ላይ እንደ መጫኛ ደፏቸው። አቶ የሻው መምታታት እንዳይመጣ የራሳቸውን በራሳቸው እጅ በቀኝ በኩል አስቀመጡ። ሰዓቱ 5፡40 ነበር። ወረቀቱ የነሐሴ 25ቱ ውሳኔ የሰፈረበት ሲሆን፣ ወረቀት ላለማባከን የዛሬው ውሳኔ በጀርባው እየተጻፈ መሆኑ ይታወቅ።

ወደ ቁጥሩ በመመለስ፣ መምህርት ሔለን በዚህ ጉዳይ ድምፅ እንደማይሰጡ አስታወቁ። አንዳንድ የቅርብ ዝርያዎች በሁለት ፊደል ብቻ እንደሚለያዩ፣ አንዳንዱ ዝርያ ደግሞ በራሱ ልጆች መካከል ከዚያ በላይ እንደሚለያይ፣ ስለዚህ ቁጥር ፍንጭ እንጂ ድንበር እንዳልሆነ ተናገሩ። ሰብሳቢው ይህ ሁሉ ተጠቃሎ ስንት እንደሚሆን ጠየቁ። መምህርቷ ምንም ቁጥር እንደማይሰጡ ደገሙ። ሰብሳቢው "ምንም" የሚለውን ዜሮ ብለው መዝግበው፣ ሃያን፣ ሰባትን፣ አንድንና ዜሮን ደምረው ለአራት አካፈሉ። ሰባት መጣ። መሪጌታ በመገረም ተነሥተው ቆሙ። አቶ የሻው ስሌቱ እንዲደገም ጠይቀው ሦስት ጊዜ ተደገመ፤ በሦስቱም ሰባት ሆነ።

ውሳኔ 2። ከሰባት ፊደል በላይ የሚለያዩ እንጉዳዮች ሁለት ዝርያ እንዲባሉ፣ ከዚያ በታች ያሉት አንድ እንዲባሉ ተወስኗል። ወ/ሮ እናትነሽ በተቃውሞ እንዲያዝላቸው አሳስበዋል።

የደብዳቤው ሁለተኛ ገጽ የተነበበው ከዚህ በኋላ ነው። በእርሱም ላይ፣ የወ/ሮ እናትነሽ ናሙና በሚለይበት በዚያ በአንዱ ቦታ ሁለት ፊደል በአንድነት እንደተነበበ ተጠቅሷል። መምህርት ሔለን ይህ ጽሑፍ በአንድ እንጉዳይ ውስጥ ብዙ ቅጂ ስላለው ቅጂዎቹ አልፎ አልፎ እርስ በርሳቸው እንደማይስማሙ አብራሩ። ሰብሳቢው አንድ እንጉዳይ በአንድ አጀንዳ ላይ ሁለት አቋም መያዙ በደንቡ እንደማይፈቀድ ገልጸው፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ እናትነሽ፣ "ማስጠንቀቂያውን ይዛችሁ ገንቦዬ ድረስ ኑ፤ እኔ እቀበላችኋለሁ" አሉ። ማንም ለመሄድ ፈቃደኛ ስላልሆነ ለጊዜው ታልፏል።

በዚሁ ገጽ መጨረሻ ላይ ላቦራቶሪው፣ ፊደል ብቻውን ስለማይበቃ ከቆቡ ሥር የሚረግፈው ዱቄት ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ላኪው እንዲያሳውቀው ጠይቋል። ሰብሳቢው ይህ በአጀንዳው ውስጥ ስለሌለ ወደ ልዩ ልዩ እንዲዛወር አደረጉ።

ከ7፡00 እስከ 7፡30 ምሳ ሆነ። ወጡ ሽሮ ብቻ መሆኑን አቶ የሻው በማንኪያ አገላብጠው ካረጋገጡ በኋላ ተበላ።

አጀንዳ 3

መምህርት ሔለን፣ በውሳኔ 2 መሠረት ናሙና አንድና ናሙና ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸው ስለተረጋገጠ የሟች አባል ቃል እውነት እንደነበረ፣ ዘሩም የሚቃጠልበት ምክንያት እንደሌለ አመለከቱ። ወ/ሮ እናትነሽ ደገፉ። መሪጌታ ሰባት ቤት ካለፈ በኋላ ክርክር እንደማይኖር ተናገሩ።

አቶ የሻው ዕድል ጠየቁ። የሚከተለውን በዝግታ ተናግረዋል፦ "እኔ የሞተ ሰው አልወቅስም። እናቱ እዚህ ተቀምጣለች፣ ወንድሙ እየጻፈ ነው። ግን ደቦ የጠራሁት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ሰው በእኔ ደጅ ተዘርሯል፤ የሰው ልጅ እጄ ላይ ሊሞት ነበር። እስከ ዛሬ ደቦ ብጠራ የሚመጣ የለም። አሁን ደብዳቤው አንድ፣ ሁለት ይላል። ናሙናው የተላከባቸው ብልቃጦች ላይ አንድና ሁለት ብሎ የጻፈው ማን ነው? እርሱ ራሱ ነው። ብቻውን ሞልቶ፣ ብቻውን ጽፎ፣ ብቻውን ልኮ። የተሳሳተ እንደሆነስ?"

መምህርት ሔለን የኔነህ ጠንቃቃ ተማሪ እንደነበረ ተናገሩ። አቶ የሻው ጠንቃቃነቱን እንደማይክዱ፣ ነገር ግን ጥንቃቄ በማኅተም እንደማይረጋገጥ ገለጹ። ሰብሳቢው በማኅተም ጉዳይ አቶ የሻው ትክክል መሆናቸውን አመኑ።

ወ/ሮ አምሳል እስከዚህ ድረስ ስላልተናገሩ ሐሳብ ካላቸው ተጠየቁ። "ማሰሮዎቹን ጠዋት ጠዋት ውኃ እረጭባቸዋለሁ። እንዲህ አድርጊ ብሎ ያሳየኝ እርሱ ነው፤ አርባውም ሲወጣ አላቋረጥኩም። ሐሙስ ጠዋትም እረጫለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እናንተ ታውቃላችሁ" አሉ።

ድምፅ ተሰጠ። ዘሩ እንዳይቃጠል ወ/ሮ እናትነሽ፣ መምህርት ሔለንና ወ/ሮ አምሳል፤ የነሐሴው ውሳኔ እንዲጸና አቶ የሻው፣ ሰብሳቢው እና በመጨረሻ መሪጌታ እጃቸውን አወጡ። መሪጌታ እጃቸውን ያወጡት በብልቃጦቹ ነገር ስለተጠራጠሩ እንጂ በሰባት ቤቱ ላይ ያላቸው እምነት እንዳልተናወጠ ተናግረዋል። ሦስት ለሦስት ሆነ። በደንቡ አንቀጽ 14 መሠረት ድምፅ እኩል ሲሆን ሰብሳቢው ያሉበት ወገን ያሸንፋል። ሰብሳቢው ደንቡን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ሌላ ዓይነት ሆኖ አላገኙትም።

ውሳኔ 3። ከየኔነህ ማሰሮዎች ጋር በተያያዘ የነሐሴ 25ቱ ውሳኔ እንዲጸና፣ ዘሩም ሐሙስ ህዳር 12 ቀን እንዲቃጠል ተወስኗል።

ሰዓቱ 9፡30 ሆኗል።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው ውሳኔዎቹን ለማተም ማኅተማቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ በወረቀቱ ላይ የተደፉትን ሁለት ቆቦች አነሡ። በቀኝ በኩል ባለው፣ በአቶ የሻው ቆብ ሥር፣ በውሳኔ 1(ሀ) እና በውሳኔ 1(ለ) ላይ የተጋደመ ክብ አረንጓዴ ማኅተም ተገኘ። ሰብሳቢው መጀመሪያ ሌላ መሥሪያ ቤት ቀድሟቸው ያተመ መስሏቸው ነበር። መምህርት ሔለን ይህ ከቆቡ ሥር የረገፈው የእንጉዳዩ ዱቄት መሆኑን፣ ላቦራቶሪው ቀለሙን የጠየቀው ይኸው መሆኑን አስረዱ።

በግራው ቆብ ሥር ምንም አልታየም። አቶ የሻው ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አዘንብለው በጣታቸው ሲነኩት ጣታቸው ላይ ነጭ ዱቄት ቀረ። ቀኙን ሲነኩ አረንጓዴ ቀረ። ሁለቱን ጣቶች ጎን ለጎን ይዘው ቆዩ። ወ/ሮ እናትነሽ የቀኙን እዚያ ያስቀመጠው ማን እንደነበረ ለማስታወስ ጀምረው ነበር፤ ወ/ሮ አምሳል ክንዳቸውን ስለያዟቸው ንግግሩ አልተፈጸመም።

አቶ የሻው ሁለቱን ጣቶች በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። መጥረጋቸው በቃለ ጉባኤ ይያዝ ወይስ አይያዝ በሚለው ላይ ውይይት ተደርጎ እንዲያዝ ተስማምተናል። ከዚያም፣ "በደቦው ማግሥት ባለቤቴ ሰፌዱን ስታነሣ አረንጓዴ አቧራ ነበረበት። ቆርጣ ያስቀመጠችው እንጉዳይ ነበር እዚያ ላይ። የጎመን መስሏት አጠበችው። እኔም አይቻለሁ። የጎመን መስሎኝ" አሉ። ቀጥለውም፣ ከየኔነህ የወሰዱት እንጉዳይ ለዘጠኝ ሰው ስላልበቃ ባለቤታቸው ከክምሩ ላይ ጨምራበት ሊሆን እንደሚችል ተናገሩ። "ሊሆን እንደሚችል" የሚለው "ጨምራበታለች" ተብሎ እንዲታረም የጠየቁት ራሳቸው ናቸው። ታርሟል።

ሰብሳቢው በዚህ ጊዜ ከእውነቱ ይልቅ በወረቀቱ መጨነቃቸውን ይቅርታ ጠይቀው፣ ስርዝ ድልዝ ወይም እድፍ ያለበት ሰነድ ዋጋ እንደማይኖረው፣ ይህንንም ለሠላሳ ስድስት ዓመት ሳያፋልሱ እንደጠበቁት አስታወቁ። አረንጓዴው እድፍ ውሳኔ 1(ሀ)ንና ውሳኔ 1(ለ)ን ብቻ የነካ ስለሆነ የቀሩት ይጸኑ እንደሆነ መምህርት ሔለን ጠየቁ። ሰብሳቢው ወረቀት እንደ ሰው ነው፣ ክንዱ ብቻ አይታመምም ሲሉ መለሱ። ወ/ሮ እናትነሽ የወረቀቱስ ጀርባ ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው ወረቀቱን ገልብጠው አዩት። በጀርባው ያለው የነሐሴ 25ቱ ውሳኔ ነው። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያም አንድ ቅጠል ወረቀት ሁለት ፊት ቢኖረውም አንድ ሰነድ ስለሆነ እድፉ ለሁለቱም እንደሚቆጠር በየኑ። አቶ የሻው ብይኑን ለመደገፍ ከሁሉም ቀድመው እጃቸውን አወጡ።

ከአጭር ውይይት በኋላ በስድስት ድምፅ፣ ያለ ተቃውሞ፣ በንጹሕ ወረቀት ላይ የሚከተለው ተወስኗል፦

ውሳኔ 4። በዛሬው ስብሰባ የተላለፉት ውሳኔ 1(ሀ)፣ 1(ለ)፣ 2 እና 3፣ እንዲሁም በዚያው ወረቀት ጀርባ ያለው የነሐሴ 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ውሳኔ፣ ከነምክንያቱና በውስጡ ከተጠቀሰው ስም ጋር፣ እንዳልተወሰኑ ተቆጥረዋል። ውሳኔ የሌለው ስብሰባ ስብሰባ ስለማይባል ይህም ስብሰባ እንዳልተደረገ ተቆጥሯል። ደብዳቤው ተቀባይነት ስላላገኘ ለባለቤቱ ቤተሰብ ተመላሽ ይሆናል። ዱቄቱ ያለበት ወረቀት ለመምህርት ሔለን ይሰጥ፤ ለላቦራቶሪው መልስ እንዲጽፉበት።

መሪጌታ ሰባት ቤቱ አብሮ በመሰረዙ ቅር እንዳላቸው ገልጸው፣ ነገር ግን ለእንጉዳይ ዝርያ ሰባትም ሃያም ቁጥር ብቻውን እንደማይበቃ ዛሬ መረዳታቸውን ተናገሩ። ወ/ሮ እናትነሽ "የገንቦ" የሚለው ስም ስላልተከለከለ ከነገ ጀምሮ እንደሚጠቀሙበት አስታወቁ። ጾሙ በሚቀጥለው ሳምንት ስለሚገባ ፈላጊው ብዙ እንደሚሆንም ጨመሩ።

አቶ የሻው ክምራቸውን ዛሬውኑ እንደሚያነሡ ገልጸው፣ በእርሱ ፋንታ የሚያለሙት ከየኔነህ ዘር አንድ ማሰሮ እንዲሰጣቸው ኮሚቴው እንዲወስን ጠየቁ። ሰብሳቢው ስብሰባው ስላልተደረገ ኮሚቴው ምንም መወሰን እንደማይችል በኀዘን አስረዱ።

የተዘጋበት ሰዓት

ያልተደረገ ስብሰባ ስለማይዘጋ የመዝጊያ ሰዓት አልተመዘገበም። አባላቱ ከግቢው ሲወጡ 10፡15 ነበር። ወ/ሮ አምሳል ወደ እንጉዳይ ቤቱ ገብተው ከሦስቱ ማሰሮ የመካከለኛውን አምጥተዋል። ጠዋት ጠዋት እንዴት ውኃ እንደሚረጭ ለአቶ የሻው ቆመው አሳይተዋቸዋል። አቶ የሻውም በጋቢያቸው ሸፍነው በሁለት እጃቸው ይዘውት ወጥተዋል። ይህ ውሳኔ አይደለም።